አንድ ቴሌስኮፕ፣ ሁለት መቶ ሰው፦ የከዋክብት ምሽት እንዴት ነው የሚዘጋጀው?

ድሬ_ፊዚክስ | ጥር 19 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ትንሽ የሥነ ፈለክ ክበብ አለችን። 22 ተማሪዎችና እኔ ነን። ንብረታችን አንድ ቴሌስኮፕ ነው፤ መስታወቱ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዶብሶኒያን (በእጅ የሚገፋ ቀላል መቆሚያ ያለው)፣ ከሁለት አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ) ጋር። ውጭ የሚኖር የቀድሞ ተማሪያችን ነው የላከልን።

ኅዳር 19 ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈሩን ሰው ጠራን። ፖስተር ሠራን። ከኢንተርኔት ያወረድናትን ሳተርን፣ ቀለበቷ እንደ ሰፌድ የተዘረጋውን፣ በትልቁ ለጠፍን። ከሥሯ «የሳተርንን ቀለበት በዓይናችሁ እዩ» ብለን ጻፍን። ጣጣው የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

50 ሰው ጠብቀን 200 ያህል መጣ። ሰልፉ ከሰንደቅ ዓላማው እስከ በሩ ደረሰ። ሰው አንድ ሰዓት ተኩል ቆሞ ተራው ሲደርስ የሚያየው አንዲት ክብ ነገርና በመሐሏ የሚያልፍ ቀጭን መስመር ነው። አንድ አባት ቀና ብለው «አቦ! ይሄማ በስንጥር የተወጋች ሎሚ ናት። ቀለበቱ የታለ?» አሉኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ውስጤ አረረ።

ሌላም አለ። ጥበቃችን «ጨለማ ነው፣ ሰው ይወድቃል» ብሎ ፓውዛውን ቦግ አደረገው። ልጆች በስልካቸው መብራት ቱቦው ውስጥ ይመለከታሉ። አራት አምስት ሰው ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ኮከቤን ታይልኛለህ?» አለኝ። አንዷማ የእናቷን ስም ሳልጠይቃት ነገረችኝ።

አሁን ተማሪዎቹ እንደገና እናድርግ እያሉ ነው። የካቲት ላይ አስበናል። ግን ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ገጥመዋል፤ የኛ ሰፈር ደግሞ ግማሽ በግማሽ ነው። የትኛውን ቀን ልምረጥ? ምን ላሳይ? ሰልፉንስ ምን ላድርገው? ሠርታችሁ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ሰብለ_ከአዳማ | ጥር 19

ዩኒቨርሲቲ እያለን የምሽት ፕሮግራም እናዘጋጅ ነበር። ባጭሩ፦ ፓውዛው እንዳይበራ ቀድማችሁ ተስማሙ። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ 20፣ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። አንዴ መብራት ካየ ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። የእጅ ባትሪያችሁን በቀይ ላስቲክ ጠቅልሉት፤ ቀይ ብርሃን ብዙም አይረብሽም። መሬት ላይ ገመድና ድንጋይ ካለ በቀን አንሱ።

አያቴ ልጅ እያለሁ «ኮከብ አትቁጠሪ፣ ኪንታሮት ያወጣብሻል» ትለኝ ነበር። አንድ ምሽት ይህን ለሰልፉ ነገርኩ። ግማሹ ሰው «የኔም አያት!» አለ። ያ ሰልፍ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም፣ ሲያወራ ነው ያለቀው። አስተናጋጅ ተማሪ መድቡና ሰልፉን ያጫውት።

ባለቱቦው | ጥር 20

መምህር፣ አዲስ አበባ ነኝ። መብራት ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜ ማታ ግን ቱቦዬን ላዳ የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቼ የሰፈር ሰው ሳሳይ ዓመታት አልፈዋል። ጽሑፌ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

መጀመሪያ ስለ ሳተርን። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» ልልህ ነበር፤ ግን ትንሽ ያንተም ነው። ሳተርን ዘመም ብላ ነው ፀሐይን የምትዞረው። ስለዚህ በየ13 እና 15 ዓመቱ ገደማ ቀለበቷን በጠርዙ በኩል እናየዋለን። ቀለበቱ ስፋቱ ለጉድ ነው፤ ውፍረቱ ግን አብዛኛው ቦታ ላይ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው። ወረቀት በጠርዙ ሲያዩት እንደሚጠፋው ማለት ነው። መጋቢት 2017 ልክ በጠርዙ አለፍን። ከዚያ ጥቂት ተከፈተና ኅዳር ላይ እንደገና ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። አንተ የመረጥካት ሳምንት ከሳምንቶቹ ሁሉ የከፋችዋ ናት። እኚያ አባት ያዩት በትክክል የነበረውን ነው። ሎሚና ስንጥር! እንደሳቸው አድርጎ የገለጸው ሰው አላጋጠመኝም።

ፖስተር ላይ የጠፈር መንኮራኩር ያነሣውን ፎቶ አትለጥፍ። ተማሪዎችህ በቴሌስኮፑ ያዩትን በእርሳስ ይሣሉና እሱን ለጥፍ። ሰው ትንሽ ጠብቆ ይመጣል፣ ብዙ አይቶ ይሄዳል።

ቀን፦ የካቲት 14 ቅዳሜ ነው። ጨረቃ የአራት ቀን ልጅ ትሆናለች፤ ምዕራብ ላይ ቀጭን ሆና ትቆምና 3፡30 አልፎ ነው የምትጠልቀው። ሙሉ ጨረቃ እንዳትመርጥ። ሰው ሙሉዋ የምታምር ይመስለዋል። በቴሌስኮፕ ግን ሙሉ ጨረቃ ፊቷ ላይ ፓውዛ እንደበራባት ሰው ናት፤ ጥላ የለም፣ ጉድጓዱ ሁሉ ይደፈናል። ግማሽ ወይም ከዚያ ያነሰች ስትሆን ብርሃንና ጨለማው የሚገናኙበት መስመር ላይ ተራራው ሁሉ ጥላውን ይጥላል። እሱን አሳይ።

ከዚያ ጁፒተር። ዘንድሮ ጥር መግቢያ ላይ ነበር ከፀሐይ ተቃራኒ የቆመችው፤ የካቲት ማታ ገና ከፍ ብላ ታገኛታለህ። ጋሊልዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው ጨረቃዎቿ ግራና ቀኝ ተሰልፈው በትንሿም ቴሌስኮፕ ይታያሉ። ሦስተኛ፣ ኦሪዮን ከሞላ ጎደል አናታችሁ ላይ ነው የሚሆነው። ከሦስቱ ተርታ ከዋክብት ዝቅ ብሎ ጉም የመሰለ ነገር አለ፤ ኔቡላ ነው፣ የጠፈር የጋዝና የአቧራ ደመና። ብርሃኑ ከዚያ ከተነሣ 1,300 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሳተርን በየካቲት ፀሐይን ተከትላ ልትጠልቅ ነው፣ ተዋት። ሦስት ነገር ይበቃል። እንዲያውም ለ200 ሰው ሁለቱ ይበቃል።

ሰልፍ ሒሳብ ነው። ለአንድ ሰው 30 ሰከንድ ብትሰጥ 200 ሰው 100 ደቂቃ ነው። ይህ ቴሌስኮፑን ማንም ካልነካው ነው። ደግሞ መሬት ትዞራለች፤ ዶብሶኒያን ራሱ አይከተልም። የመስታወትህ የትኩረት ርዝመት 1,200 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ25 ሚሊ ሜትሩ አይፒስ 48 ጊዜ ያጎላል፤ አንድ ነገር ከዳር እስከ ዳር ለማለፍ አራት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በ10 ሚሊ ሜትሩ 120 ጊዜ ያጎላል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያመልጥሃል። ስለዚህ ለሕዝብ ብዙ የሚያጎላውን አትጠቀም። 25ቷን ይዘህ በየአራት ሰው አስተካክል። ፎቶ የሚፈልግ መጨረሻ ላይ ይምጣ፤ አንድ ሰው ስልኩን ሲያስተካክል አሥር ሰው ይበርደዋል። (ድሬ ላይ አይበርድም፣ ይቅርታ። እዚህ እንጦጦ ሥር ስለሆንኩ ነው።)

አሁን ዋናው ነገር። ይሉኝታ። መምህር፣ የኛ ሰው ምንም ሳይታየው «አየሁ፣ በጣም ያምራል» ይልሃል። እኔ ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። አንድ ቀን 40 ሰው አሳየሁ። ሁሉም አደነቀ፣ መረቀኝ፣ ሄደ። መጨረሻ ላይ ራሴ ባይ ጨረቃዋ የለችም። አንዱ ልጅ ቱቦውን ገፍቶት ኖሮ ስንቱ ሰው ባዶ ጨለማ አይቶ አመስግኖኝ ሄዷል! ከዚያን ቀን ወዲህ «አየህ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። «የበራው በየት በኩል ነው?» እላለሁ። «ከጁፒተር በስተቀኝ ስንት ነጥብ አለ?» እላለሁ። መልስ ከሌለው አላየም፤ ሳላሳፍረው አስተካክላለሁ። አንድ ዓይን መጨፈን የማይችል ብዙ ሰው አለ። በእጁ ይሸፍን፤ እናቶች በነጠላቸው ይሸፍኑ። መነጽር ያደረገ ያውልቅና ትኩረቱን ለእሱ አዙርለት።

ጥበቃው ማንም ሰው ከመምጣቱ በፊት ይይ። ፓውዛውን ራሱ ያጠፋዋል። ለቀበሌና ለፖሊስም በደብዳቤ አሳውቅ። አንድ ጊዜ በማላውቀው ሰፈር ቱቦዬን ከላዳ ሳወጣ መድፍ ነው ተብሎ ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሰዓት ሙሉ «መስታወት ነው ጌታዬ፣ መስታወት ነው» ስል አመሸሁ። በመጨረሻ የያዙኝ ሰዎች ናቸው ረጅም ሰዓት ያዩት።

ዶብሶኒያን የምንለው መቆሚያ ስሙን ያገኘው ከጆን ዶብሰን ነው። መነኩሴ ነበር። የመጀመሪያ መስታወቱን ከመርከብ መስኮት ብርጭቆ ነው የሞረደው። በ1968 እ.ኤ.አ. ከወጣቶች ጋር ሆኖ ሳን ፍራንሲስኮ የእግረኛ መንገድ ላይ አላፊ አግዳሚውን ማሳየት ጀመረ። አዳራሽ የለ፣ ትኬት የለ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ሰልፉ ካስቸገረህ አንተም ከዚራ ዛፎቹ መሐል ክፍት ቦታ ፈልግና ቁም።

ድሬ_ፊዚክስ | ጥር 21

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የይሉኝታው ነገር አስደነገጠኝ። ኅዳር ላይ ስንቱ ነው ባዶ አይቶ «ማሻ አላህ» ያለኝ?

ኮከብ ቆጠራ ለሚጠይቁትስ ምን ትላለህ? ደግሞ የሃይማኖት አባቶች ቅር ይላቸዋል ብዬ ትንሽ ሠጋሁ።

ባለቱቦው | ጥር 21

ለኮከብ ጠያቂዎች «የእናትሽን ስም አልፈልግም፣ ዓይንሽን ብቻ አምጪ» እላለሁ። ይስቁና ይሰለፋሉ። አትቆጣቸው። ስለ ኮከብ ብለው መጥተዋል፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

አባቶችንማ ጋብዛቸው። አምና አንድ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ስሌት፣ የሚያውቁ አባት መጡልኝ። ከማየታቸው በፊት ጣታቸውን እየቆጠሩ አበቅቴውን (የዓመቱን የጨረቃ ቁጥር) ደመሩና ጨረቃ ስንት ቀኗ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ በቴሌስኮፑ አዩ። ዝም አሉ። ቁጥራቸው ከምትታየው ጨረቃ አራት አምስት ቀን ወደኋላ ነበር።

ስሌቱ አልተሳሳተም። በ19 ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወር አለ ብሎ ነው የሚነሣው፤ ድንቅ ስሌት ነው። ግን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት በየ19 ዓመቱ ይተርፋል። እሱ ተጠራቅሞ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ከተሠራ ደግሞ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል። ይህን ስነግራቸው አባታችን ጺማቸውን ዳሰሱና «እንግዲያው የቸኮለችው ጨረቃ ናት» አሉ። የዘንድሮው አበቅቴ 12፣ መጥቅዑ (በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበት ቁጥር) 18 ነው። ሲደመር ሁልጊዜ 30። ተማሪዎችህ ይህንን በቴሌስኮፑ ይፈትኑት፤ አንድ ሴሚስተር የሚሞላ ሥራ ነው።

ሙስሊሙ ወገንም አዲስ ጨረቃ ፍለጋ ሰማይ ማየት ከኛ ይልቅ ያውቅበታል። ከረመዳን በፊት ያለው ወር፣ የሻዕባን መጨረሻ፣ ምዕራቡን ያላየ የሰፈርህ ሽማግሌ ካለ ንገረኝ።

የድሬው_ልጅ_ጅዳ | ጥር 22

አቦ ደስ ስትሉ! እኔ ጅዳ ሹፌር ነኝ። ለመምህሩ አንድ ነገር ላስታውስ፦ በሚመጣው ዓመት ሐምሌ 26 ቀን 2019፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2 ቀን 2027 ማለት ነው፣ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። መስመሩ በግብፅ አልፎ ጅዳና መካ ላይ ይመጣል፣ ከዚያ ወደ የመን። እኛ ጋ ከ5 ደቂቃ በላይ ቀኑ ይጨልማል። ሉክሶር ከ6 ደቂቃ ያልፋል። ድሬ ላይ በከፊል ነው።

እናቴ አሁኑኑ የራጅ ፊልም ማስቀመጥ ጀምራለች። ልክ ናት?

ባለቱቦው | ጥር 22

አይደለችም! በራጅ ፊልም፣ በሲዲ፣ በጭስ በጠቆረ መስታወት፣ በተራ የብየዳ መነጽር ፀሐይ አይታይም። ዓይን ሲቃጠል አያምም፤ ማግስቱን ነው የሚታወቀው። አይኤስኦ 12312-2 (የፀሐይ ማያ መነጽር የደህንነት ደረጃ) የሚል መነጽር ካለህ ላክላቸው። ግርዶሹ ከፊል በሆነበት አገር ደግሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መነጽሩ አይወልቅም። መነጽር ከሌለ ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው የፓስታ ማጥለያ ይያዙ። በየቀዳዳው በኩል መሬት ላይ ትንንሽ የተጎመደች ፀሐይ ይሠራል። ከዛፍ ሥርም ቅጠሉ ራሱ ያንኑ ይሠራል። ላሊበላ ላይ ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ቀለበት ስትሆን ጊዜው ኮሮና ስለነበር ስንቱ ሳያይ ቀረ። የ2019ኙን በጊዜ እንዘጋጅበት።

ድሬ_ፊዚክስ | የካቲት 16

ተመለስኩ። ቅዳሜ አደረግነው።

ፖስተሩን የ10ኛ ክፍል ተማሪ በእርሳስ ሣለችው፤ ጨረቃ ብቻ። የሳተርን ስም አልተነሣም። ሁለት ዙር አደረግን፦ ከ1፡15 ጀምሮ ለቀደመ ሰው፣ ከተራዊሕ (የረመዳን የማታ ሶላት) በኋላ ደግሞ ለሁለተኛው። ማፍጠሪያ ላይ ማንንም አልጠራንም። ቴምርና ቆሎ አቀረብን፣ ለሁለቱም ጾም የሚሆን። 130 ያህል ሰው መጣ። ጥበቃችን ቀድሞ አየና ፓውዛውን አጠፋ። ከዚያ ራሱ ሰልፍ አስከባሪ ሆነ፤ ስልክ ያበራ ሰው ላይ ከኔ በላይ ይቆጣል።

2 ሰዓት አልፎ የሰፈሩ መብራት ድርግም አለ። በዕድሜዬ መብራት ሲጠፋ ሰው ሲያጨበጭብ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በስተሰሜን ወደ ሜዳው በኩል ሰማዩ ወለል አለ። ታች አድማሱ ላይ የሰሜን ኮከብን ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው፤ ከመሬት አሥር ዲግሪ እንኳ አትሞላም። ጋሼ፣ ላንተ እንጦጦ ይከልልሃል መሰለኝ። በዚህ በለጥንህ።

የሎሚው አባትም መጡ! «ዛሬስ ምን ወጋችሁ?» አሉ። ጁፒተርን አሳየኋቸውና በስተቀኝ ስንት ነጥብ እንዳለ ጠየቅኋቸው። ቆጠሩ። ልክ ናቸው።

«የበራው በየት በኩል ነው?» የምትለዋን ጥያቄ ለሁሉም ጠየቅን። ከአምስት ሰው አንዱ መልስ የለውም። አስተካክለን እንደገና ስናሳያቸው የሚያወጡት ድምፅ ከመጀመሪያው «ያምራል» ጋር ፈጽሞ አይገናኝም።

3 ሰዓት ላይ አንዲት እናት በልጅ ልጃቸው ተመርተው መጡ። ጨረቃዋ ዝቅ ስላለች አይፒሱም ወርዶ ነበር፣ በርጩማ አመጣንላቸው። አዩ። «ማሻ አላህ» አሉ። «እናቴ፣ የበራው በየት በኩል ነው?» አልኳቸው። ዝም። ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ምንም አይታየኝም፤ ሞራ አለብኝ» አሉ። አንደኛውን ዓይናቸውን ተሠርተው ኖሯል። ያዩት ባልተሠራው ነበር። በሻሻቸው ሸፍነን በሌላኛው አስጠጋናቸው፣ ትኩረቱን ቀስ እያልኩ አዞርኩ። «ቁም» አሉኝ። እጄን አነሣሁ።

30 ሰከንድ አለፈ። ደቂቃ አለፈ። ልጅ ልጃቸው ሻሻቸውን ጎተት ሲያደርግ እጁን መታ አደረጉት። ጥበቃው ሰልፉን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ምንም አላለም። ጨረቃዋ ወደ ዳር ስትሸሽ ቱቦውን በጣቴ ትንሽ ገፋሁላቸው።

ከዚያ ከአይፒሱ ሳይነሡ «ጫፏ ተሸራርፏል፣ እንደ አሮጌ ሰሃን» አሉ።

ቀጣዩ መጋቢት 12 ነው። ሁለተኛ በርጩማ እየፈለግን ነው።